ቱቦው አላደገም

ጥር 9
ቢሮ ዋልኩ። አዲሱ የሳተላይት ራዳር ምስል ደረሰ፤ ከአምናው ጋር አነጻጸርኩት። ከአምና ወዲህ የሰመጠ መሬት በቀይ ይወጣል... ከሮቢት በታች፣ የመስኖ ጉድጓዶቹ ያሉበት ሁሉ ቀይ። የአባዬ ማሳ መሀሉ ላይ። ውሃውን ያለልክ ስንስበው ከስር ያለው አፈር እየታመቀ ነው። ጭራሽ ቢሯችን ሌላ ጉድጓድ ሊቆፍር ነው፣ ያውም እዚያው አባዬ ማሳ ላይ።

ጥር 10
ለኃላፊዬ ለአቶ በላቸው አሳየሁት።
"ሀናን፣ ራዳሩን ያሳሳተው ማሽላው ነው። ሰብል ሲያድግና ሲታጨድ ምስሉ ይዘበራረቃል።"
ማሳ ላይ እውነቱን ነው። እኔ የለካሁት ግን ጣሪያ ነው። "የፓምፕ ቤቱ ቆርቆሮ ላይ ማሽላ በቅሏል እንዴ?" አልኩት። አልሳቀም። ቀዩን ከሪፖርቱ አውጪው አለ።
አላወጣውም።

ጥር 14
አባዬ ጋ ሄድኩ። የሰፈሩ የውሃ አባት ነው፤ ማን መቼ እንደሚያጠጣ የሚወስነው እሱ። አዲሱን ጉድጓድ እንደ ሰርግ እየጠበቀ ነው።
"ከሰማይ ሆኖ የኔን መሬት የሚለካው ማን ነው እቴ?"
"የጉድጓዱ ቱቦ ብቅ አላለም አባዬ?"
"ብሏል። ወደ ላይ ይገፋል። በየዓመቱ በደቦ አፈር እንሞላበታለን።"
በደቦ! ቱቦው ባለበት ቆሞ መሬቱ እንደወረደ ማንም አላሰበም። ምልክቱን በገዛ እጃቸው ሲቀብሩት ኖረዋል። ተናደድኩ... በማን? እንጃ።
"ያስተማርኩሽ ውሃዬን እንድታስቀሪብኝ ነው?" አለኝ ስወጣ። ይቺ አመመችኝ።

ጥር 21
አቶ በላቸው ሰው ፊት ብታወሪ የካርታ ሥራውን ትለቂያለሽ ብሎኛል። ይሁን። ቅሬው፣ የሰፈሩ ዕድር፣ ጉድጓዱ ዳር በተሰበሰበበት ዶማ ይዤ ሄድኩ።
በየዓመቱ የሞሉትን አፈር ቆፈርኩ። ድሮ መሬት ላይ ያረፈው የሲሚንቶ መደብ ከስሩ ባዶ ሆኖ ቱቦው ላይ እንደተንጠለጠለ ብቅ አለ። ክንዴን ከስሩ አሳለፍኩ። አባዬ ተነስቶ የራሱን ክንድ አስገባ።
"ያ ረቢ፣ የወረደው መሬቱ ነው" አለ።

የካቲት 3
መጋዘን መድበውኛል። ቢመድቡኝስ? ምስሉ ለማንም ክፍት ነው፤ በራሴ ላፕቶፕ እከታተላለሁ።
ዛሬ የቁፋሮው መኪና መጣ፣ አቶ በላቸው ከፊቱ። አባዬ ማሳው መግቢያ ላይ ቆመ፤ ቅሬው በሙሉ ከኋላው።
"አባባ እንድሪስ፣ ቦታውን ያሳዩን።"
"እዚህ ውሃ በተራ ነው። ዘንድሮ ተራው የመሬቷ ነው፤ ትረፍበት።"
ብዙ ተለመነ። አልተነቃነቀም። መኪናው ዞሮ ሄደ።
ከዚያ አባዬ የራሳችንን ፓምፕ አጠፋው። ሽንኩርቱ ገና ውሃ ይፈልጋል፤ ያውቃል። እየተመለስን፦
"ያ የሰማይ ነገርሽ መቼ ነው የሚያልፈው?"
"ነገ።"
"ይየን እንግዲህ።"