ምክርዎን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ

ለተከበሩ የኮሌጃችን ዲን፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ የጀርባ ሕመምዎ ተሽሎዎት በቅዳሜው ሥነ ሥርዓት ላይ ያለ ድጋፍ እንዲቆሙ ከልብ እመኛለሁ፤ ረጅም ንግግር እንዳዘጋጁ ሰምቻለሁና። እኔ ከቢሮዎ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ ባለው ሬጅስትራር፣ ትራንስክሪፕት በሚሰጥበት መስኮት ጀርባ የምቀመጠው ሠራተኛዎ ነኝ። በተማሪነቴ ደግሞ፣ ቅዳሜ የክብር ዲግሪ የሚሰጧቸው አራት የሮክ ሙዚቀኞች አምስተኛ ነበርኩ። ደብዳቤዬን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌን ይቅር ይበሉኝ፤ ከባንዱ ጋር ፎቶ የሚነሱበትን ቦታ በመምረጥ ስለተጠመዱ ባለጉዳይ አይገባም ብላ ጸሐፊዎ መልሳኛለች።

፩. ስለ ምክርዎ ላመስግንዎ። በተማሪዎች ካፌ ውስጥ ወንበር ገፍተን መጫወት በጀመርንበት ዓመት አምስታችንንም ቢሮዎ አስጠርተው፣ ከጊታርና ከዲግሪ አንዱን እንድንመርጥ ካዘዙን በኋላ፣ ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ብለው ተርተውብናል። እኔ እሺ አልኩ። አራቱ እንቢ ብለው ተባረሩ። መከራ ግን ሊመክራቸው ቀጠሮ ይዞ የቀረ ይመስላል፤ መጀመሪያ በሌሎች ኮሌጆች ካፌ፣ ቀጥሎ በየከተማው አዳራሽ፣ በመጨረሻም በብሔራዊው ስታዲየም ሲጫወቱ አገር አብሯቸው ዘፈነ።

፪. ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከጎናቸው እንደነበሩ ለጋዜጣ መናገርዎን አንብቤያለሁ። እውነትዎን ነው፤ ካፌው ውስጥ ስንጫወት የጊታራችንን ሶኬት የነቀሉት ከጎናችን ቆመው ነበር።

፫. ይህኛው አቤቱታ አይደለም፣ ቅናት ነው፤ ስሙን ብቀይረውም ጨዋ አያደርገኝም። ታክሲ ውስጥ ዘፈናቸው ሲከፈት ሰፈሬ ሳልደርስ ወራጅ አለ እላለሁ። አገር በፉጨት የሚያውቀውን፣ ድራሙ ከመግባቱ በፊት ያለውን የጊታር መግቢያ፣ በዶርማችን ደረጃ ላይ ተቀምጬ የሠራሁት እኔ ነኝ። ዛሬ የሚጫወተው ያኔ ክር መቃኘት ያስተማርኩት የዶርም ጓደኛዬ ነው። ከእኔ አሳምሮ ይጫወተዋል፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

፬. ቅዳሜ መድረክ ላይ ለአራቱም ጋዋን አልባሽ ሆኜ መመደቤ ተነግሮኛል። ምክንያቱም የድሮ ጓደኞቹ ስለሆኑ ደስ ይለዋል የሚል ነው አሉ። ስላሰቡልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሆኖም ጊታሬን ሰጥቼ ያገኘሁትን ዲግሪ እነሱ ጊታራቸውን እንዳነገቱ ሲቀበሉት፣ የጋዋናቸውን ቁልፍ እየቆለፍኩ ፈገግ ለማለት ፊቴ እንደሚታዘዘኝ እርግጠኛ አይደለሁም።

ስለዚህ አልባሽነቱን ለሌላ ሰው ሰጥተው፣ ያችን መግቢያ ቅዳሜ እኔ እንድጫወታት እንዲፈቅዱልኝ እለምናለሁ። ከአንድ ደቂቃ አትበልጥም። እንደጨረስኩ ጊታሩን ለጓደኛዬ መልሼ ወደ መስኮቴ እወርዳለሁ። ባንዱን ጠይቄ ሳያመነቱ ተስማምተዋል፤ ጓደኛዬማ የራሱን ጊታር እንደሚያውሰኝ ደውሎ ነገረኝ። ደግነቱ ቅናቴን አባሰው እንጂ አልቀነሰልኝም። የቀረው የእርስዎ ፈቃድ ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ ካልተፈቀደልኝ የማልነካ ሰው መሆኔን ከማንም በላይ ያውቁታል።

ዕድሜና ጤና፣ ጭብጨባና ካሜራ እንዳይለይዎት እየተመኘሁ፣

ከእግርዎ በታች፣ በሁለት ፎቅ ርቀት፣
ቃልዎን አክብሮ የቀረው ሊድ ጊታሪስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልጄ ጊታር መማር ጀምራለች፤ ጣቶቿም ከእኔ ይፈጥናሉ። እኔ አባቷ የምመኝላት ትልቅ ደረጃ እንድትደርስ ነውና፣ ጊዜ ሲኖርዎ ቢሮዎ አስጠርተው እንዲከለክሉልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።