የመጨረሻው ዙር

መጋቢት 3፣ ሐሙስ

ግማሽ ቀን ፈቃድ ወስጄ ክሊኒክ ሄድኩ። ሄሮን ሰፈር፣ ባሕሩ ዳር ያለው የሴቶች ክሊኒክ። አግዳሚው ሞልቷል። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ሆዷ ገፍቶ ጉልበቴ ላይ ሊያርፍ ምንም አልቀረው። በሶማሊኛ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ችግር የለም አልኳት። በእርግጥም ችግር የለም። ድሮ ቢሆን ቦታ እቀይር ነበር።

ዶክተር ሙንተሃ የምትናገረው ፈረንሳይኛ ነው። የምታስተረጉምልኝ ፈትያ ናት፤ አዋላጅ ነርስ፣ የድሬዳዋ ልጅ። እኔም ለጭነት ሰነድ የሚሆን ፈረንሳይኛ አለኝ። ለማህፀን አይበቃም።

ዶክተሯ ብዙ ተናገረች። ፈትያ አሳጠረችው።

"ለመፀነስ የሚረዳ ኪኒን አንድ ዙር እንሞክር ትላለች።"

"የመጨረሻ ነው ያለችው አይደል?"

ፈትያ ጓንቷን አወለቀች። "አርባ ሁለት ዓመትሽ ነው፣ የኔ እመቤት። ከዚህ በኋላ አልጽፍላትም ነው የምትለው። ይኸው፣ አሁን ደስ አለሽ?"

"አይ፣ ማወቅ ፈልጌ ነው።"

"ባልሽስ? ዛሬም መንገድ ላይ ነው?"

"ዛሬም።"

"ይሄ ሰውዬ ቤቱን በካርታ ነው እንዴ የሚያውቀው? ኪኒኑ ብቻውን አይሠራም፣ ንገሪው አቦ።"

ማታ ባሌ ጥሩሰው ከሚሌ ደወለ። ጎማ አስጠግኖ እዚያው ሊያድር ነው። ኪኒን ሰጡኝ አልኩት። "ጎሽ" አለ። የመጨረሻ መሆኑን አልነገርኩትም። በስልክ የሚወራ አይደለም… ሲመጣ እነግረዋለሁ።

መጋቢት 10፣ ሐሙስ

ይሄ አዲሱ የሳንባ በሽታ እዚህም ገባ አሉ። ቢሮ በር ላይ ባልዲና ሳሙና ተቀመጠ። የቢሮ ባልደረባዬ ገለታ እጁን ሦስት ጊዜ ታጠበና በሱሪው አደረቀው።

መጋቢት 12፣ ቅዳሜ

የወር አበባዬ መጣ። ኪኒኑን በአምስተኛው ቀን እጀምራለሁ። ከዚያ ጥሩሰው እዚህ መሆን ያለበት ቀናት… ቁጭ ብዬ አሰብኩት። መጋቢት 24 ሐሙስ፣ ከዚያ ዓርብ፣ ቅዳሜ።

ይህን ያህል ዓመት ትራንዚት ቢሮ ስሠራ ለራሴ ጭነት አዛውሬ አላውቅም። ዛሬ ገለታ ጠረጴዛ ጋ ሄድኩ። ከባድ መኪናዎቹን ለየጭነቱ የሚመድበው እሱ ነው።

"ያ ማዳበሪያ ለማን ነው?"

"ለማን እንዲሆን ፈለግሽ?"

"ለጥሩሰው። ሐሙስ እንዲገባ።"

ቀና ብሎ አየኝ። "ናፈቀሽ?"

"አዎ።"

"በቃ፣ ናፍቆት ካለማ ወደብ ይታዘዛል" አለና ታርጋውን ጻፈ። ስቆ እስኪጨርስ ቆሜ ጠበቅኩ።

ሁዳዴ ነው። ጾም ላይ መሆኑን አላጣሁትም። ማንንም አልጠየቅኩም፤ ንስሐ አባቴንም።

መጋቢት 15፣ ማክሰኞ

ከተማው ተዘጋ። ወደብ ስለማይቆም የወደብ ሠራተኛ የመንቀሳቀሻ ወረቀት ይሰጠዋል፤ ለእኔም ተሰጠኝ። ከምኖርበት ከአርሂባ እስከ ቢሮ በእግሬ ሄድኩ። የተዘጉ ሱቆች፣ ፍየሎች፣ አንድ የፖሊስ መኪና። ፍየሎቹን ማንም አላስቆማቸውም።

መጋቢት 20፣ እሑድ

አምስተኛዋን ፍሬ ዋጥኩ። አለቀ። ሙቀት ወደ ፊቴ ይወጣል፣ ይመለሳል። የአየሩ ይሁን የኪኒኑ አልለየሁትም። ሌላ ምንም አይሰማኝም። ሊሰማኝ ይገባ ነበር?

መጋቢት 23፣ ረቡዕ

ክሊኒኩ ከወላድ በስተቀር አይቀበልም። ፈትያ ግን "ሰባት ሰዓት ላይ በጓሮ በር ነይ" ብላኝ ነበር።

በር ላይ አንዱ ግንባሬ ላይ የሙቀት መለኪያ ደገነ። አግዳሚው ላይ በቀይ ፕላስተር መስቀል እየሠሩ ቦታ ለያይተዋል። ምጥ የያዛት ልጅ ብቻዋን ገባች። እናቷን ከአጥሩ ውጭ አስቀሯት። እናትየው መስኮት መስኮቱን እያየች በሶማሊኛ ትጮሃለች፤ ልጅቷ ከውስጥ ትመልስላታለች። ሁለቱም ምን እንደሚሉ አልገባኝም። እስክወጣ ድረስ አላቆሙም።

ፈትያ በላስቲክ ልብስ ተጠቅልላለች። ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው። አልትራሳውንዱን ሆዴ ላይ ስታደርግ እንኳ ክንዷን ዘርግታ፣ ከሩቅ።

"አንድ አለ። አየሽው? ይቺ ጥቁሯ።"

"አየሁ።"

"ቆንጆ ናት። በእኔ ዕድሜ እንዲህ ያለች እንቁላል ባገኝ ለሰፈር ድግስ እደግስ ነበር። ነገ ማታ፣ ከነገ ወዲያ… ቅዳሜን አትጠብቂ። ባልሽ የት ደረሰ?"

"ድንበር ላይ ነው። ነገ ይገባል።"

"አልሐምዱሊላህ። በይ ቶሎ ውጪ፣ እንዳያዩሽ።"

ስክሪኑ ላይ የነበረችው የምስር ፍሬ ነው የምታክለው። ቤት ስደርስ ምስር ስለቅም አየኋት።

መጋቢት 24፣ ሐሙስ

ገባ። ግን ከተማ አልገባም። አዲስ ትዕዛዝ አለ፤ ከኢትዮጵያ የሚመጣ ሾፌር ከመኪና መቆሚያው አይወጣም። እዚያው ጋቢና ውስጥ አድሮ፣ ጭኖ ይመለሳል። ገለታ ነገረኝ። አላፌዘም።

ጥሩሰው ስልክ ላይ፣ "ነገ እናያለን" አለ። ድምፁ ሻክሯል።

መጋቢት 25፣ ዓርብ

ምስር በዳቦ ይዤ ፒኬ ዱዝ፣ መኪና መቆሚያው ሄድኩ። መኪናዎቹ ከአጥሩ እስከ አጥሩ ተደርድረዋል። ጫላቸው ተሳቢ ሥር ምንጣፍ አንጥፎ ተጋድሟል። ከጥሩሰው ጋር ስንት ዘመን የተመላለሰ ሾፌር ነው፤ ከሩቅ አወቀኝ።

"እትዬ ስርጉት! ምሳ የመጣልን እኛ ብቻ ነን። ሌሎቹ በምቀኝነት ሊሞቱ ነው።"

"ጥሩሰውስ?"

"ጋቢና ውስጥ ነው። ሙሽራ ሆኗል፣ አይወጣም።" ከዚያ ተነስቶ ወደ አጥሩ ቀረበ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ያስለዋል። ናሙና ወስደውለታል፣ ውጤቱ አልመጣም። እኛንም እንዳንጠጋው ያባርረናል።"

ዘበኛው ሙሚን ይባላል። አማርኛውን ከሾፌር ስለለቀመው ግማሹ ስድብ ነው። እኔን ሲያይ ስድብ የሌለበትን መፈለግ ጀመረ።

"ማዳም… የጥሩ ሚስት?"

"አዎ።"

ወዲህ ወዲያ አየ። "እኔ ሻይ ጠጣ። በር… በር ዛሬ ቁልፍ የለም። እኔ አላየሁ።"

ጫላቸው፣ "እኔም ሻይ ጠማኝ" አለ። "ጾሙን በተመለከተ ለማንም አልናገርም፣ አይዞሽ።"

ሁለቱም ሄዱ። በሩን ገፋሁት፤ ተከፈተ። ስልኬ ጠራ። ጥሩሰው ነው። ከመስታወቱ ኋላ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዞ ይታየኛል።

"እዚያው ሁኚ።"

"ሙሚን ፈቅዷል።"

"እኔ አልፈቀድኩም።"

"ማስክ አድርጌያለሁ።"

"የመጣሽው ልትጨብጪኝ ነው እንዴ በማስክ?" ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነ። መሪው ላይ ተደገፈ።

"ቀኑ ዛሬ ነው" አልኩት።

"አውቃለሁ። ግን ይዞኝ ከሆነስ? አንቺን ላሲዝሽ ነው? ፅንስ ቢፈጠር እንኳ ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል?" ግንባሩን በእጁ ጠረገ። "ስርጉቴ… የሚቀጥለው ወር አለ አይደል?"

ፀሐዩ መስታወቱ ላይ ያበራል። ፊቱ ግማሽ ብቻ ነው የሚታየኝ።

"አለ" አልኩት።

"ኪኒኑስ?"

"እሱም አለ።"

"በቃ። ምሳውን ለጫላቸው ስጪው። ከእሱ የተረፈ ካለ እኔም እበላለሁ።"

በሩን መልሼ ዘጋሁት። ሙሚን ሻዩን ገና ሳይጨርስ ስለወጣሁ ግራ ገባው። አመሰገንኩት።

ለምን "አለ" አልኩት? … ዛሬ አላስበውም።

መጋቢት 26፣ ቅዳሜ

ውጤት የለም። ቢሮ ዋልኩ።

መጋቢት 27፣ እሑድ

ፈትያ ደወለች። "እህሳ?" አለች። ነገርኳት። "አሁን ማን ቢመጣ ጥቅም የለውም" አለች። "እያወቅሽው ነው የምነግርሽ።" እያወቅኩት ነው።

መጋቢት 30፣ ረቡዕ

ውጤቱ መጣ። ነጻ ነው። ሳሉ የመንገድ አቧራ ነው ተባለ። ወዲያው ጭኖ ወጣ። በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ጥሩምባ እንደነፋልኝ ነገረኝ። እኔ እኮ እዚያ አልነበርኩም።

ሚያዝያ 11፣ እሑድ፣ ፋሲካ

የወር አበባዬ መጣ።

ግንቦት 14፣ ዓርብ

ከተማው ተከፍቷል። ሾፌሮች ግን አሁንም አይወጡም። ጥሩሰው ሁለት ጊዜ መጥቶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ልብሱን አጥቤ በአጥሩ ላይ አቀበልኩት፤ የቆሸሸውን በላስቲክ ጠቅልሎ ወረወረልኝ። ጫላቸው ከሩቅ፣ "ይሄ ትዳር ነው ወይስ ኮንትሮባንድ?" አለ። ሳቅን። ጥሩሰው፣ "ክሊኒኩ ሲከፈት እንደገና እንጀምራለን" አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ።

ሰኔ 21፣ እሑድ

ክሊኒክ። በፊት በር፣ በወረፋ። ባለፈው ሳምንት ለምርመራ ደም ሰጥቼ ነበር።

ፈትያ ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ያዘችኝ። መንካት ተፈቅዷል ማለት ነው? "ያ ዙር አይቆጠርም። ወንዱ ሳይኖር እንዴት ይቆጠራል? እኔ ተንበርክኬም ቢሆን እለምናታለሁ" አለች። ለመነቻትም። በፈረንሳይኛ፣ በሶማሊኛ፣ መጨረሻ ላይ በሁለቱም። ዶክተር ሙንተሃ አላቋረጠቻትም። ሰምታት ስትጨርስ የደም ውጤቴን ወደ እሷ አዞረችው። አንድ ቦታ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

ፈትያ አየችው። የዛሬውን አላሳጠረችም፤ የሚያጥር ነገርም አልነበረውም።

"ቢቆጠርም ባይቆጠርም እንቁላሉ አልቋል ነው የሚለው። መጋቢት ላይ ያየናት…" ተወችው።

"እሺ" አልኩ።

ዶክተሯ በቀስታ አንድ ነገር ተናገረች። "ብታለቅስ ጥሩ ነው፣ እዚህ ቁጭ ብላ ታልቅስ ትላለች" አለች ፈትያ። አመሰግናለሁ አልኩና ተነሳሁ። የምታለቅሰው ፈትያ ነበረች።

ቢሮ ተመልሼ የአራት ኮንቴይነር ሰነድ ጨረስኩ። ገለታ አየው። አንድም ስህተት አላገኘበትም።

ሐምሌ 11፣ ቅዳሜ

ጥሩሰው ቤት ገባ። ሾፌሮች ዛሬ ተለቀቁ። በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን ያውልቅ አያውልቅ አልገባውም፤ እንግዳ ይመስል ነበር። ከየመኖቹ ቤት ዓሣ ገዝቶ መጥቷል፤ ለሁለት ተሰንጥቆ እቶን ውስጥ የተጠበሰው፣ ከነሰፊው ቂጣ። መሬት ላይ ዘርግተን ተቀመጥን።

"ኪኒኑን ጀመርሽ?"

"የለም፣ አልቋል።"

"ከአዲስ አበባ አስመጣለኋ። ጫላቸው የሚያውቀው ፋርማሲ አለ፣ የሌለ መድኃኒት የለም ይላል።"

"ጥሩሰው። የመጋቢቱ የመጨረሻው ነበር። ከተማው ሳይዘጋ በፊት ነው ዶክተሯ የነገረችኝ። አሁን ደግሞ ደሜን አየችው፤ አበቃ አለች።"

እጁን ከዓሣው ላይ አነሳ።

"ያን ቀን አጥሩ ጋ ስትቆሚ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"የሚቀጥለው ወር አለ ብለሽኛል።"

"ብዬሃለሁ።"

"ለምን?"

ይህን እኔም አላውቀውም ነበር። እሱ ሲጠይቀኝ አወቅኩት።

"የመጨረሻው ነው ብልህ የጋቢናውን በር ትከፍትልኝ ነበር?"

ታች ግቢው ውስጥ ልጆች በር ላይ ኳስ ይጠልዛሉ። ሊዋሸኝ ይችል ነበር።

"እከፍት ነበር" አለ።

"ይዞኝ ይሆናል ብለህ እየፈራህ?"

"እየፈራሁ።"

"ለዚህ ነው ያልነገርኩህ።"

ጣቶቹን አያቸው። ዘይት ነክቷቸዋል።

"ግን እኮ ነጻ ነበርኩ፣ ስርጉት።"

"አዎ። ነጻ ነበርክ።"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሄጄ ልይዘው ይገባ ነበር… እጄ ግን አልሄደም። እስኪበቃው አጠገቡ ተቀመጥኩ። ዝንብ እንዳያርፍበት ዓሣውን በቂጣው ከደንኩት።