ስለ አንቀጽ አሥራ ሰባትና ስለ ቤታችን ውል

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

እንደምን ሰንብተሽልኛል? ሲነጋ የሚያደነዝዝሽ ቀኝ እጅሽ ተሻለው ወይስ አሁንም በግራሽ ነው ፀጉርሽን የምታበጥሪው? የምትጦሪያቸው ሴትዮስ ደኅና ናቸው? ዛሬም በየደቂቃው እየጠሩ ያመላልሱሻል ወይስ ትንሽ አረፍ ይላሉ? እንቅልፍሽ፣ ምግብሽ፣ ጠቅላላ ሁኔታሽ እንዴት ነው? እኛ አምላክ ይመስገን አለን። የእማዬ ጉልበት ደረጃውን እምቢ ብሏታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። ባለቤቴ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ቆማ ስለምትውል ማታ እግሯ ያብጣል። ልጃችን ደግሞ ቁመቷ ከእናቷ ትከሻ ደርሷል፤ ፎቶው ላይ ያየሻት ልጅ የለችም በይ። እኔ ግን ደክሞኛል እትዬ። በሽታ አይደለም፤ እንዲሁ ድካም ነው። ጠዋት ጫማዬን አስሬ እስክነሳ ድረስ ራሴን መለመን ጀምሬያለሁ።

ይህን ሁሉ በስልክ ያልነገርኩሽ እማዬ ድምፅ ማጉያውን ከፍታ አጠገቤ ስለምትቀመጥ ነው። እሷ ባለችበት ስለ ቤት ጣጣ ማንሳት አይቻልም። ስለዚህ ወረቀት ይሻላል ብዬ ከሥራ ስመለስ እየቆራረጥኩ ይኸው ሦስተኛ ቀኔ ነው።

እንደምታውቂው ማስተማሩን ከተውኩ ወዲህ የምሠራው ምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ነው። የሕግ ባለሙያዎቹ ያረቀቁትን አዋጅ ነዋሪው እንዲገባው በቀላል ቋንቋ እጽፈዋለሁ፤ ከዚያ በየሰፈሩ አዳራሽ እየዞርኩ አስረዳለሁ። ሲወራ ቀላል ነው። ዓረፍተ ነገሩ ግን «ከላይ በተጠቀሰው ንዑስ አንቀጽ የተደነገገው እንደተጠበቀ ሆኖ» ብሎ ይጀምርና ማሰሪያው ጋ ሳልደርስ ሻዬ ይቀዘቅዛል። ኃላፊዬ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ነገር ግን ሰው እንዲገባው አድርገህ ጻፈው፣ አንድም ቃል እንዳትነካ ትለኛለች። ልብሱን እጠበው፣ ውሃ ግን እንዳይነካው እንደ ማለት ነው።

ከሦስት ወር በፊት ጠረጴዛዬ ላይ የመጣው ረቂቅ ስለ መንግሥት ኪራይ ቤቶች ነበር። አርባ ሁለት ገጽ ነው። እስከ አንቀጽ አሥራ ስድስት ድረስ ስለ ጣራ ጥገና፣ ስለ ውሃ መስመርና ስለ ደረጃ መብራት ስለሚያወራ እያዛጋሁ ሠራሁት። አሥራ ሰባተኛው ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ከነጥልፍልፉ ላስነብብሽ አልፈልግም። ውሉ በስሙ የሆነ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ ቤቱ ውስጥ ካልኖረ ውሉ ይፈርሳል፤ እዚያ የቀሩት ቤተሰቦቹም በስድስት ወር ውስጥ ይወጣሉ፤ ቤቱ ተራ ለሚጠብቅ ይሰጣል ነው የሚለው። ክፋት ብቻ እንዳይመስልሽ። ቤቱን ዘግቶ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ የጠፋ አለ፤ ተራ ሲጠብቅ የሸበተም አለ። ሕጉ የታሰበው ለእነዚህ ነው። እኛ ግን መሐል ገባን። አባባ ሲያርፍ የእማዬ መታወቂያና የጋብቻ ወረቀቷ ስማቸው አልገጥም ስላለ፣ እኔም ዕድሜዬ ስላልደረሰ፣ ውሉ በአንቺ ስም ዞረ። አንቺ ከሄድሽ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ሆነሽ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው እኔው ሆኜ አረፍኩት።

እስከዛሬ እንዴት እንደኖርን ታውቂዋለሽ። የቤቶች ተቆጣጣሪው በየስድስት ወሩ ይመጣል፣ እማዬም በሩ ላይ ቆማ አሁን ገና ለጉዳይ ወጣች ትለዋለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለጉዳይ እንደወጣሽ ነው። ሰውየው ቅን ስለሆነ ዛሬም ሳንገናኝ ቀረን ብሎ መዝገቡ ላይ ምልክት አድርጎ ይሄዳል። የአንድ ሰው ቅንነት ግን አዋጅ ሲመጣ የት ድረስ ያስኬዳል?

አሁን የሚያሳፍረኝን ልንገርሽ። ኃላፊዬ ሰው እንዳይደነግጥ አሥራ ሰባተኛውን «የውሉ ሁኔታ በድጋሚ ይታያል» በለው አለችኝ። እኔም አልተከራከርኩም። እንዲያውም ቀለል አለኝ፤ እንደዚያ ሲጻፍ ለእኛም ቤት የለዘበ መሰለኝ። የምጽፈው ለሌላው ሰው መሆኑ ጠፍቶኝ ራሴን ሳባብል ነበር። ወረቀቱ አራት ገጽ ሆኖ ታተመ፣ በየበሩም ታደለ።

ከዚያ ተራው የእኛ ሰፈር አዳራሽ ሆነ። ከእኛ በታች ያሉትን ልብስ ሰፊ ታስታውሻቸዋለሽ። የእሳቸውም ውል በከባድ መኪና ሾፌር ልጃቸው ስም ነው፤ ልጁ ድንበር ተሻግሮ ከቀረ አምስት ዓመቱ። ሁሉንም አንብቤ ጨርሼ ጥያቄ ካለ ስል፣ ክንዱ በክር የታሰረ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቷን ይዘው ተነሡ። «ልጄ፣ በድጋሚ ይታያል ይላል። አይቶስ ምን ያደርገናል?» አሉኝ። አንድ መቶ የሚሆን ሰው ዞሮ አየኝ። ኃላፊዬ ፊት ወንበር ላይ ነበረች፤ ወረቀቶቿን ማስተካከል ጀመረች። የለበስኩት ሱሪ ራሱ የእሳቸው ስፌት ነው እትዬ። ወዴት ልይ?

«ያስወጣችኋል ማለት ነው» አልኳቸው። «እኛንም ጭምር።»

ልብስ ሰፊው ወረቀቷን በጥንቃቄ ለአራት አጠፏትና «ለካ እንዲህ ብሎ መጻፍም ይቻላል» ብለው ተቀመጡ። ዱላ ቢያነሡብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከስብሰባው በኋላ ሰው ወደ ቤቱ አልሄደም። መጻፍ ለማይችለው እየጻፍኩ፣ ለሚችለው ቅጹን እያሳየሁ ጣቴ እስኪደነዝዝ ድረስ የአስተያየት ወረቀት ስሞላ ዋልኩ። ያንቺ እጅ ምን እንደሚሰማው ያን ቀን ገባኝ። በማግሥቱ ኃላፊዬ ጠርታኝ ሳትቆጣ፣ አስረዳ ተባልክ እንጂ ቤትህን አደባባይ አውጣ አልተባልክም አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አዳራሽ አልወጣሁም፤ የምውለው መዝገብ ቤት፣ ከፋይል አቧራ ጋር ነው። የሚያሳዝነው ሥራው አይደለም፤ ሥራ ሥራ ነው። ለጠየቀኝ ሰው ቀጥ ያለ መልስ ለመስጠት ያን ያህል መጨነቄ ነው።

አስተያየቱ ግን ከንቱ አልቀረም። ከየሰፈሩ የመጣው ሲደመር ኮሚቴው አሥራ ሰባተኛውን መልሶ አነሣው። አሁን እንዲህ ይላል፤ ቤቱ ውስጥ ከአምስት ዓመት በላይ የኖረ የቅርብ ዘመድ ውሉን በስሙ ማዞር ይችላል፤ የሚችለው ግን ባለ ውሉ መብቱን መተዉን በፊርማው ካረጋገጠ ብቻ ነው። ገና ረቂቅ ነው፤ ድምፅ የሚሰጥበት በሚመጣው ወር መጨረሻ ነው። ሊጸድቅም ሊወድቅም ይችላል። ከጸደቀ የሚሰጠው ጊዜ ዘጠና ቀን ስለሆነና ደብዳቤ መንገድ ላይ የሚቆየውን ስለምታውቂ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ቅጹን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ።

እማዬ መጀመሪያ ስትሰማ በሕይወት ያለች ልጄን ስም እንደ ሟች አላስፍቅም ብላ ሦስት ሳምንት አኮረፈችኝ። አላናገረችኝም፤ ምግብ ስታቀርብ እንኳ ለወንድምሽ ስጪው እያለች በልጄ በኩል ነው፤ ልጄንና እኔን ወንድምና እኅት አደረገችን። ባለፈው እሑድ ግን ራሷ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና ያንን ሕግ አንብብልኝ አለች። አራቱን ገጽ ሳይሆን ዋናውን፣ ቀስ እያልኩ እየተረጎምኩ አነበብኩላት። አንዴም አላቋረጠችኝም። ስጨርስ «ተመልሳ እንዳትመጣ የሚከለክል አንቀጽ አለበት?» ብላ ጠየቀችኝ። የለበትም አልኳት። ደግመህ እየው አለችኝ፤ ደግሜ አየሁት። የለበትም። «እንግዲያውስ ጻፍላት» አለች። ውሉ በራሷ ስም እንዲሆን ስጠይቃት ደግሞ፣ እኔ ዛሬ አለሁ ነገ የለሁም፣ ሰው በሞተ ቁጥር ውል ስታዞሩ ልትኖሩ ነው ወይ ብላ ተቆጣች። ስለዚህ የሚዞረው ወደ እኔ ስም ነው።

እንግዲህ ለአዳራሹ ሰው አስቀድሜ ያልነገርኩትን ላንቺ አስቀድሜ ልንገርሽ። ቅጹ ላይ «መብቴን በፈቃዴ ትቻለሁ» የሚል ቃል አለ። በቀላሉ ሲነገር፣ ከፈረምሽ በኋላ በዚህ ቤት ላይ በሕግ ምንም የለሽም። ነገ ተመልሰሽ መጥተሽ እኔና አንቺ ብንጣላ፣ ውጪ ብልሽ፣ የሚያስቀርሽ ወረቀት የለም። ያለሽ የእኔ ቃል ብቻ ነው። አባባ ታሞ በተኛ ጊዜ ይህን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ብቻሽን እንደቀባሽው አልረሳሁም። ታናሽ ወንድሜ ቤቴን ወሰደብኝ የሚል ሐሳብ ቢመጣብሽ አልፈርድብሽም፤ እኔም ባንቺ ቦታ ብሆን ይመጣብኝ ነበር። የምታምኚው ሰው ካለ አሳዪው፣ ቀን ወስደሽ አስቢበት። ባትፈርሚም አልቀየምሽም፤ ሕጉ እስኪጸድቅ ድረስ ሌላ መንገድ እንፈልጋለን። ዓይኔ እያየ ግን ለስለስ ባለ ቃል አላስፈርምሽም። አንድ ጊዜ ሞክሬው አይቼዋለሁ።

ብዙ አደከምኩሽ። የምትጦሪያቸውን ሴትዮ ባያውቁኝም ጤና ይስጥልኝ በይልኝ። ክፍል የምትጋራሽን ልጅ አንቺን ስላስታመመችልኝ አመስግኚልኝ። ባለቤቴ ለእጅሽ የሚሆን ቅባት በሰው እልክላታለሁ፣ ሙቅ ውሃ አይለያት ብላለች። ልጃችን ከወረቀቱ ጀርባ ላይ ራሷ የጻፈችው ሰላምታ አለ፣ ፊደሏን አትታዘቢያት። ልብስ ሰፊው ሰላም በልልኝ ብለዋል፤ እሳቸውም ለልጃቸው ተመሳሳይ ደብዳቤ እንድጽፍላቸው ለነገ ቀጥረውኛል። እማዬ ጉንጭሽን ደጋግማ ስማሻለች። አሁን ከጎኔ ሆና ይሄን ሁሉ ጽፈህ ልጄን ዓይኗን ልታደክማት ነው ስላለችኝ እዚህ ላይ ይብቃኝ።

ሁሌም አክባሪሽ፣
ታናሽ ወንድምሽ

ከቤት፣ ከግቢው በኩል ካለው ክፍል
ኅዳር ፲፯ ቀን