ወደቡን በአረቄ ሲያማክሩን

ሪየካ፣ ከቅዱስ ቪድ በዓል በፊት ባለው ማክሰኞ

ልጄ ኔቪዮ፣

አንተም ሚስትህም በዚያ በብሬመን ብርድ ደህና ናችሁ ወይ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጎረቤታችን ቺሪል «እኔ ልጻፍልህ» ብሎኝ ነበር። ጎረቤት የጻፈውን ሰፈሩ ሁሉ ያነበዋል ብዬ እምቢ አልኩት፤ እንግዲህ ፊደሌን ታገሠው።

ከተማው አሮጌውን ወደብ አፍርሶ ሆቴል ሊተክል ነው። «ሕዝቡ አይቶ ሐሳቡን ይስጥ» ብለው ሥዕሉን የዓሣ ገበያው አዳራሽ ውስጥ ሰቀሉት። ሄድኩ። ሥዕሉ ላይ ሰው እንደ ጉድ ሞልቷል፣ ውሻ እንኳ አለ፤ አንድም ሽማግሌ ግን አላየሁም። ያን ጊዜ ነው የጠረጠርኩት።

በር ላይ ደግሞ አረቄ ይቀዳል። ወጋችንን ታውቃለህ፤ ብርጭቆ የምናጋጨው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው፣ የጠጣም ቃሉን አያጥፍም። እነዚህ ታዲያ ገና ሳንነጋገር የሚያጠጡን ምን አስበው ነው?

«ጠጣ እንጂ ቤፖ! መርዝ መሰለህ?» አለኝ ቺሪል፣ እሱ ደጋግሞ ጨልጦ።

«መርዝማ ቢሆን በማን ዕድሌ! አንዴ ገድሎ ይተወኝ ነበር።»

የከተማው መሐንዲስ መጣች፤ አንዲት ለጋ ሴት ናት። አንደበቷ ማር ነው፤ ማር ደግሞ ዝንብ መያዣ ነው።

«አባባ፣ ወደቡ ዳር ያሉት የእናንተ የጀልባ ቤቶች አይፈርሱም» አለችኝ። «ተረካቢ ላለው ቤተሰብ ይቀራሉ። ተረካቢ የሌለው ግን ለከተማው ይመለሳል።»

«ይመለሳል? ከተማው ነው እንዴ የሠራው? ድንጋዩን የተሸከመው አባቴ ነው!»

«ልክ ነዎት። ከእርስዎ በኋላ ጀልባውን የሚይዝ አለ ወይ?»

ቺሪል አፉ አላረፈም፤ «ልጁ ጀርመን ነው፤ ባሕር የሚያየው በቴሌቪዥን ነው!» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ደሜ ፈላ። «ልጄ በዚህ በጋ ጠቅልሎ ይመጣል» አልኩ። ልጅቱ ብርጭቆ አቀበለችኝና «እንግዲያው ለልጅዎ መምጣት!» አለች። ሰው ሁሉ አፍ አፌን ያየኛል። ምን ላድርግ? ጠጣሁ።

ና አላልኩህም። ሥራ አለህ፣ አውቃለሁ። እናትህን ስንቀብርም ሥራ ነበረህ፤ አልተቀየምኩም። ግን ተረካቢው እስከ ወሩ መጨረሻ ራሱ ይናገር ብለዋል። ያቺን ሴት አላምናትም፤ ልትደውልልህ ትችላለች። ከደወለች «እመጣለሁ» በላት። እሷን ዋሻት፣ ግድ የለም። እኔን ግን እንዳትዋሸኝ።

ጀልባዋን ቀለም ቀብቻታለሁ። ቀለም ተርፎኝ ነው፣ ለሌላ አይደለም።

የቆምክበት መሬት አይክዳህ፤ ነፋሱም ከኋላህ ይሁን።

አባትህ ቤፖ