ከሰባ በላይ የሚንቀጠቀጠው ሞተርና ባለ መለያ ቁጥሩ ሣጥን

ለክቡር አቶ ትዕዛዙ
የደጋ በጎች ክትባት ፕሮጀክት የንብረትና ስምሪት ኃላፊ
መሐል ሜዳ

ጉዳዩ፦ እየተንቀጠቀጥኩ የማቀርበው ምስጋና

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት፣ እንዲሁም የተቀመጡበትን ወንበር የአራቱን እግሮች ጽናት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ የፕሮጀክቱ የክትባት ባለሙያ ይሥሐቅ ኃይለ ኢየሱስ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይህን እስከጻፍኩበት ሰዓት ድረስ በሕይወት አለሁ፤ ይህንንም የምገልጸው ለወግ ያህል ሳይሆን ከመዝገብዎ ጋር እንዲመሳከር ብዬ ነው። ቀደም ሲል ስለዚሁ ጉዳይ ሦስት ደብዳቤ በታሸገ ፖስታ ልኬልዎ ሦስቱም ሳይከፈቱ በክብር መቀመጣቸውን ጸሐፊዎ ስለነገረችኝ፣ አራተኛውን ለመክፈት ማንም በማይቸገርበት መንገድ በአደባባይ ጽፌዋለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። በጎች ለመክተብ በየቀበሌው የምዞርበት ሞተር ሳይክል ተሰጥቶኛል። ባለፈው ኅዳር፣ መድኃኒት እንዳይሰረቅ በሚል፣ ከመቀመጫው ኋላ ሠላሳ አራት ኪሎ የሚመዝን የብረት ሣጥን ተበየደበት። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ቁልቁለት ላይ በሰዓት ሰባ ኪሎ ሜትር ሲደርስ መሪው በገዛ ራሱ ግራና ቀኝ መማታት ይጀምራል። ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ ይኸው ሞተር ከእኔ ተወስዶ ከሁለት ወር በፊት ለተቀጠረችው ባልደረባዬ ለጌታነሽ እንዲሰጥ አዘዋል። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ሰኞ ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ፈጣሪዬን እንዳስታውስ ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ። ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት፣ ወደ ሞላሌ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ በግራዬ ገደል ሆኖ ስወርድ፣ መሪው መጀመሪያ እንደ ብርድ ያለች ትንሽ መንዘፍዘፍ አሳየኝ። ብርድ መሰለኝ፤ የመንዝ ብርድ ለማንም እንግዳ አይደለምና እጄን አጥብቄ ያዝኩ። ሦስት እስኪቆጠር ድረስ ግን መሪው ክንዴን እስከ ትከሻዬ እያርገፈገፈ፣ የፊት ጎማው መንገዱን ትቶ ወደ ገደሉና ወደ አለቱ በየተራ መመልከት ጀመረ። ፊት ለፊቴ ገብስ የጫነ አይሱዙ ሽቅብ ይመጣ ነበር፤ ሾፌሩ መብራቱን ያበራል፣ ጥሩምባውን ይነፋል፣ እኔም በድንጋጤ ፍሬን ያዝኩና ነገሩን አባስኩት። ክቡር ሆይ፣ ፈራሁ። በአገራችን ወንድ ልጅ ፈራሁ ማለት እንደማይወድ ያውቃሉ፤ እኔ ግን ሙሉ ስሜን ጽፌና ፈርሜ፣ ፈራሁ እላለሁ። እንዴት እንደቆምኩ አላውቅም። ራሴን ያገኘሁት ከመንገዱ ዳር በድንጋይ ካብ ላይ ተቀምጬ ነው፤ ከማሳ የመጡ አንዲት እናት ውኃ ሲሰጡኝ ጣሳውን መያዝ ስላቃተኝ «አይዞህ የኔ ልጅ፣ እኔ እይዝልሃለሁ» ብለው በእጃቸው አጠጡኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቴ ውስጥ በር በኃይል ሲዘጋ እንኳ ሁለት እጄ ተነስቶ የሌለ መሪ ይጨብጣል፤ ባለቤቴም አይታ እንዳላየች ታልፋለች።

ሁለተኛ፦ በዚህ ዕድሜዬ የመካኒክነት ሙያ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። መምህሬ በመሐል ሜዳ ትንሽ ጋራዥ ያለው ናሲር ነው። ናሲር ገና ከመጀመሪያው «አንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ ነው የምንነካው፤ ሁለት ከነካን የትኛው እንዳዳነው አናውቅም» አለኝና በዚሁ ሕግ ሄድን። መጀመሪያ የሁለቱንም ጎማ ንፋስ ልክ አስገባን። ቀጥሎ የፊት ጎማውን በአዲስ ለወጥን። ከዚያ የቸርኬውን ሽቦዎች አንድ በአንድ አጠበቅን። ከዚያ የጎማዎቹን ኩሽኔታ፣ በመጨረሻም መሪው የሚዞርበትን የአንገቱን ኩሽኔታ አየን፤ ይኸኛው ጥቂት ልል ስለነበር ቀየርነው። እዚህ ላይ ክቡርነትዎ በወንበርዎ ሆነው ሊያስቡት የሚከብድዎት አንድ ነገር አለ፦ ይህ በሽታ ከሰባ በታች አይታይም። ሞተሩ መዳኑን ለማወቅ፣ እያንዳንዱ ጥገና ባለቀ ቁጥር፣ ወደዚያው ቁልቁለት ተመልሶ፣ እያወቁ ሰባ መድረስ ያስፈልጋል። አምስት ጊዜ ተጠገነ፤ አምስት ጊዜ ሄድኩ። ናሲር «ዛሬስ እኔ ልሂድልህ» ብሎ ቢለምነኝም፣ ከተመደበው ሠራተኛ በቀር ማንም እንዳይነዳ የሚከለክለውን ማሳሰቢያዎን ጠቅሼ አመሰገንኩት። ጠዋት ሳይታወቀኝ የልጆቼን ግንባር ስሜ እወጣለሁ፤ ስልሳ አምስት ላይ ዳዊት መድገም እጀምራለሁ፤ ሰባ ላይ መሪው እንደ ልማዱ ይቀበለኛል። አንገቱ ከተቀየረ በኋላ ጥቂት ቢቀንስም አልተወም።

በስድስተኛው ቀን ናሲር ሞተሩን ከኋላ ቆሞ ብዙ ካየው በኋላ ከጎረቤት ገብስ ተውሶ ሣጥኑ ውስጥ ከተተበት። ሣጥኑ ባዶ ሲሆን ሰባ ላይ ይጀምር የነበረው መንቀጥቀጥ፣ ሃያ ኪሎ ገብስ ሲጨመር ሃምሳ አምስት ላይ ጀመረ። ገብሱን ከሣጥኑ አውጥተን ከፊቴ፣ ነዳጅ ታንኩ ላይ ብናስረው ደግሞ መንቀጥቀጡ የሚጀምርበት ፍጥነት ተመልሶ ሰባን አለፈ። ናሲር ያን ጊዜ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «በቃ አገኘነው፤ ይህ ሣጥን ኋላውን ወደ ታች ስለሚጎትተው ፊቱ መሬት አይረግጥም። ሣጥኑ ይውረድ» ብሎ ፈረደ።

ሦስተኛ፦ ይህንን ፍርድ በሪፖርት ሳቀርብ ሦስት አባላት ያሉት የቴክኒክ ኮሚቴ ስላቋቋሙ አመሰግናለሁ። ኮሚቴው ሞተሩን በግቢያችን ውስጥ፣ ከጥበቃው ቤት እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ ያለውን አርባ እርምጃ፣ አንዱ እየነዳ ሁለቱ ግራና ቀኝ እየደገፉ ፈትኖታል። በቃለ ጉባኤውም «ሞተር ሳይክሉ ምንም ዓይነት መንቀጥቀጥ ያላሳየ መሆኑ በሙሉ ድምፅ ተረጋግጧል፤ የታየው ችግር የአሽከርካሪው የግል ድንጋጤ ነው» የሚል ሰፍሯል። ሰብሳቢውን እስከ ቁልቁለቱ ድረስ አብረውኝ ወርደው እንዲያዩ በትሕትና ብጠይቃቸው «እኔ እኮ የቤተሰብ ኃላፊ ነኝ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

አራተኛ፦ ከእኔው ሞተር ጋር በአንድ ቀን የተገዛው፣ እርስዎ የሚጠቀሙበት ሁለተኛው ሞተር፣ ኃላፊ ዕቃ አይጭንም ተብሎ ሣጥን ስላልተበየደበት ሰማንያ ላይ እንኳ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ያቆይልዎ።

አምስተኛ፦ ሣጥኑ ይነሳ ብዬ በአካል ቀርቤ ሳመለክት ለሰጡኝ ሕጋዊ ማብራሪያ ከልብ አመሰግናለሁ። እንዳስረዱኝ ከሆነ ሣጥኑ ከሞተሩ የተለየ የራሱ የንብረት መለያ ቁጥር ስላለው፣ ሊነሳ የሚችለው በንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ውሳኔ ብቻ ነው፤ አስወጋጅ ኮሚቴው ደግሞ የሚሰበሰበው ንብረቱ ከተበላሸ ነው፤ ሣጥኑ ግን ፍጹም ጤነኛ ነው። በዚህ ፕሮጀክት ውስጥ ስለ ጤንነቱ እንዲህ የተጨነቁለት ሌላ ፍጡር አላውቅም፤ በጎቹን ጨምሮ።

ስድስተኛውን ምስጋና እንደ ቀድሞዎቹ አሳምሬ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ አቃተኝ። ጌታነሽ ሞተር መንዳት የምትችል፣ ሥራዋን የምትወድ፣ አዲስ በመሆኗም ለአለቃ «እምቢ» ማለት ገና ያልለመደች ልጅ ናት። ሞተሩ ለእርሷ የተሰጣት «ሳትደነግጥ የምትነዳ» በመሆኗ እንደሆነ በምደባ ደብዳቤዋ ላይ ተጽፏል። ያልደነገጠችው ስላልነገሯት ነው። ክብደቷ ከእኔ በብዙ ስለሚያንስ የሞተሩ ፊት ከእኔ ጊዜ ይልቅ እንደሚቀል ናሲር ነግሮኛል፤ ሰኞ የምትሄደው ደግሞ በረዶና መድኃኒት ሣጥኑን ሞልታ፣ በዚያው ቁልቁለት ነው። እኔ ለራሴ የፈራሁትን ያህል ፈርቻለሁ፤ ለእርሷ የምፈራው ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። በርክክቡ ቅጽ ላይ «በመልካም ይዞታ የሚገኝ» በሚለው ሥር እንድፈርም ታዝዣለሁ። እጄ አልታዘዘልኝም።

ክቡርነትዎ ለአንድ አፍታ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህችን አንቀጽ ለእርሷ ልጻፍ። ጌታነሽ እህቴ፣ ይህን ሞተር ካስያዙሽ ከሃምሳ አትለፊ፤ ከኋላሽ ያለው መኪና ጥሩምባ ቢነፋም ይንፋ። ድንገት መሪው መማታት ከጀመረ ፍሬን አትንኪ፣ አትታገይው። ደረትሽን ወደ ታንኩ ዝቅ አድርጊ፣ በጉልበትሽ ታንኩን ያዥ፣ እጅሽን ሳትለቂ አላላ አድርጊና ነዳጁን ቀስ ብለሽ ቀንሺ። ያልፋል፤ የማያልፍ ሲመስልሽም ያልፋል። ይህን ለእኔ የነገረኝ አልነበረም።

ክቡር አቶ ትዕዛዙ ሆይ፣ ልመናዬ አጭር ነው፦ ሣጥኑ እስከ ሰኞ ይውረድ። ይህ ካልተቻለ ግን ሰኞ ጠዋት ሞተሩን እርስዎ ራስዎ እስከ ሞላሌ ይንዱልን፤ እኛም ዳር ቆመን እንመርቅዎታለን።

ለንብረት ያለዎት ርኅራኄ አንድ ቀን ወደ ሰው እንዲተላለፍ እየጸለይኩ፣ በግራ እጄ ቀኝ እጄን ይዤ ስለፈረምኩ የፊርማዬን መዛነፍ በትዕግሥት እንዲያዩልኝ እለምናለሁ።

ታዛዥዎና እስካሁን ያልወደቀው አገልጋይዎ፣
ይሥሐቅ ኃይለ ኢየሱስ

ግልባጭ፦
ለወይዘሪት ጌታነሽ (ከሰኞ በፊት እንዲደርሳት)
ለቴክኒክ ኮሚቴው፣ በባሕር ዛፉ ሥር

በተጨማሪ፦ ይህን ደብዳቤ ፈርሜ ካወጣሁ በኋላ እስከ ቅዳሜ ጠዋት መልስ ብጠብቅ ስላጣሁ ከናሲር የብረት መጋዝ ተውሼ ሣጥኑን በገዛ እጄ ቆርጬ አውርጄዋለሁ። ናሲር መጋዙን ከማዋስ በቀር እጁ የለበትም። ከዚያም ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ቁልቁለቱ ሄድኩ፤ ሰባ አለፍኩ፣ ሰባ አምስት፣ ሰማንያ። መሪው ዝም አለ። ሞተሩን አቁሜ ያለ እፍረት አለቀስኩ። ሣጥኑን፣ መለያ ቁጥሩ በግልጽ እንዲነበብ ወደ ላይ አድርጌ፣ ከቢሮዎ በር ላይ አስቀምጬልዎታለሁ፤ በንብረት ማጥፋት ሊከሱኝ መብትዎ ነው። አልዋሽዎትም፣ ክሱንም እፈራዋለሁ። ክስ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ሰው ለመቆም ጊዜ ያገኛል።