ስድስት ቁጥር ክፍል ይከፈትልን ዘንድ

ለክቡር አቶ ደገፉ
የሠራተኞች ደኅንነትና የዲጂታል ሽግግር ዳይሬክተር
ሶዶ

ጉዳዩ፦ የልብ ምስጋናን ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከመጋቢት 3 ቀን ጀምሮ በመሥሪያ ቤታችን የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ጥርስ የሚያሳየው ቢጫ ፈገግታ ታግዶ ጥርስ በማያሳየው ቢጫ ፈገግታ መተካቱን የሚያበስረው ሰርኩላር፣ ማኅተምና ሰባት ፊርማ ተሸክሞ መዝገብ ቤት ደርሶኛል፤ እኔም ለታሪክ እንዲቀመጥ በክብር ፋይል አድርጌዋለሁ። ክቡርነትዎ ከመላው ቤተሰብዎና ከዋይፋይዎ ጋር በሙሉ ጤንነት እንደሚገኙ ተስፋዬ የጸና ነው።

ይድነቃቸው እባላለሁ፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ባለቤቴ አዛለች ሁለተኛ ፎቅ ሰው ሀብት ክፍል ትሠራለች። እናቷ ኅዳር ላይ ተበላ ከተማ ካረፉ ወዲህ እህል በአፏ አይዞርም፣ ሲያናግሯት አትመልስም፤ ሥራ ግን ፈርማ ትገባለች፣ ፈርማ ትወጣለች። ስለሆነም ለሠራተኛው የአእምሮ ጤና ሲሉ ያደረጉልንን ሁሉ በቅደም ተከተል ላመሰግንዎ ይገባኛል።

1. ስለ ለቅሶው። የሥራ ሰዓት እንዳይባክን በማሰብ ሐዘን በግሩፑ በኩል ብቻ እንዲገለጽ መመሪያ በማውጣትዎ፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን ሚኒባስ ኮንትራት ይዞ ተበላ ድረስ ወርዶ ድንኳን ውስጥ የሚቀመጠው መሥሪያ ቤት ስልሳ አራት የተጣመሩ እጆች ምስል ልኮ እፎይ ብሏል። ከአዛለች ጎን ያለው ወንበር ላይ የሚቀመጠው ባልደረባዋ ጩማ እንኳ «ነፍስ ይማር» ያላት አንድ ክንድ ከማይሞላ ርቀት በኢንተርኔት ነው፤ ኔትወርክ ስለነበር ወዲያው ገብቷል። ጎረቤታችን እትዬ አልጋነሽ ግን መመሪያው ስላልደረሳቸው፣ የተቀቀለ ቦይና (ጎደሬ) ይዘው መጥተው ሙሉ ቀን አጠገቧ ተቀመጡ። ሲወጡ በር ላይ ይዘውኝ፣ «ሰው አልመጣላትም እኮ ልጄ፤ ከማን ጋር ታልቅስ? ይኸው ብቻዋን ይዛው ቀረች» አሉኝ። እትዬ አልጋነሽ ስማርት ስልክ የላቸውም፤ ይቅር ይበሏቸው።

2. ስለ ዕለታዊው የስሜት ሪፖርት። ማንኛውም ሠራተኛ በየማለዳው ከሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ስሜቱን በአንድ ምልክት እንዲያሳውቅ፣ ሦስት ቀን ለዘለለም ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍለት በማዘዝዎ፣ ኀዘንተኛ የተባለ ሰው ከቢሮአችን በአንድ ሳምንት ጠፍቷል። አዛለች ከታኅሣሥ መጀመሪያ አንሥቶ ለሰባ ሁለት የሥራ ቀናት አንድም ሳታጓድል ፈገግታዋን ልካለች፤ የካቲት ላይም «የወሩ ደስተኛ ሠራተኛ» ተብላ ፍሬም ያለው ሰርተፍኬት ተሸልማለች። ስሟ ሲጠራ የሷ መሆኑን ስላላወቀችው ክንዷን ይዞ ያስነሣት ጩማ ነበር። ሰርተፍኬቱን ሳሎን ሰቅዬዋለሁ። እሷም ከሥሩ ጫማዋን ሳታወልቅ ትቀመጣለች፤ ቀሚሷ በየሳምንቱ እየሰፋት ስለሆነ ወገቡን በመርፌ ቁልፍ የምሰበስብላት እኔ ነኝ።

3. ስለ ስድስት ቁጥር። ምድር ቤት ስድስት ቁጥር ክፍል ውስጥ፣ ሲስተር ኢየሩሳሌም ማክሰኞና ሐሙስ ሠራተኛ ታማክር እንደነበር ክቡርነትዎ አይዘነጉትም። ታኅሣሥ ላይ አዛለችን አንድ ጊዜ አስገብቻት ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ዓይኗ አብጦ ወጣች፤ መንገድ ላይም፣ «ዛሬ ቤት ምን አለ?» ስትል ጠየቀችኝ። እናቷ ካረፉ ወዲህ ስለ ምግብ የጠየቀችኝ ያን ቀን ብቻ ነው። በሳምንቱ ብንመለስ ክፍሉ የኢንተርኔት ማሠራጫ ሳጥን ገብቶበት ተቆልፏል፤ ሲስተርም የግሩፑ አስተዳዳሪ ሆና ተመድባለች። ደረጃ ላይ ሳገኛት፣ «ወንድሜ፣ እኔን ምን ታደርገኛለህ? ቁልፉን አስረክቤያለሁ። አሁን ሥራዬ ጠዋት ጠዋት አበባ መላክ ነው» አለችኝ። አበባው በሰዓቱ ይደርሰናል፤ እናመሰግናለን።

ሌላ ቦታ ላሳክማት ብዬ የሕመም ፈቃድ ብጠይቅላት፣ የቅርብ አለቃዋ ግሩፑን ከፍተው አሳዩኝና፣ «ሰባ ሁለት ቀን ደስተኛ ነኝ ያለች ሴት በምን ምክንያት ነው የምትታመመው? ማስረጃው ይኸው» አሉኝ።

4. በአስተያየት መስጫው ላይ «ባለቤቴ እያየኋት እየጠፋችብኝ ነው» ብዬ ብጽፍ፣ በሦስት ሰከንድ ውስጥ «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን፤ አዎንታዊ ያስቡ» የሚል ምላሽ ከባለ ቀለም ፊኛ ጋር ደርሶኛል። በመንግሥት ሥራ በቆየሁባቸው አሥራ ዘጠኝ ዓመታት እንዲህ የፈጠነ ምላሽ አግኝቼ አላውቅም።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ከዚህ ሁሉ ቸርነት በኋላ ሌላ መጠየቅ ነውር መሆኑን ባውቅም፣ ሳጥኑ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሮ ስድስት ቁጥር ውስጥ ሁለት ወንበርና ሲስተር ኢየሩሳሌም እንዲመለሱልን እለምናለሁ። ሐሙሱ ይቅር። ማክሰኞ ብቻውን ይበቃናል። ማክሰኞም ከበዛ ግማሽ ቀን። ብቻ ቶሎ ይሁንልኝ።

የክቡርነትዎ ስልክ ቻርጅ ከመቶ እንዳይጎድል እየተመኘሁ፣ መመሪያው በሚፈቅደው ጥርስ አልባ ፈገግታ እሰናበታለሁ።

ይድነቃቸው
መዝገብ ቤት

ግልባጭ፦
ለስድስት ቁጥር ክፍል በር

ማስተካከያ፦ ከላይ በተራ ቁጥር 2 ፈገግታውን የላከችው አዛለች እንደሆነች ተደርጎ የተገለጸው ስሕተት ነው። ስልኳ ከእናቷ ለቅሶ ጀምሮ የሚገኘው በእኔ ኪስ ውስጥ ሲሆን፣ ማስጠንቀቂያ እንዳይጻፍባት ፈርቼ ሰባ ሁለቱንም ቀን የላክሁት እኔ ነኝ። በመሆኑም «የወሩ ደስተኛ ሠራተኛ» የሚለው ሰርተፍኬት በእኔ ስም ታርሞ፣ የሕመም ፈቃዱ ለእሷ እንዲሰጣት በትሕትና እጠይቃለሁ።