ደምሴ በሰንሰለት አልታሰረም

እማዬ፣ የኔ እናት፣

አፈር ካለበስንሽ ክረምቱ ገብቶ ወጣ። ቀጨኔ ያው ዳገቱ፣ ያው ጭቃው ነው። ቤታችን ግን ጭር ብሏል፤ ወንድሜ ደምሴ የለም። አትደንግጪ፣ በሕይወት አለ።

ሠላሳ ዓመት አልፎትም ልቡ የሕፃን ነበር። ነጎድጓድ ሲያስፈራው ጆሮዎቹን በመዳፍሽ ሸፍነሽ ታባብዪው ነበር። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ፍርሃቱ ባሰበት። እንቅልፍ አጣ፤ እኛ የማንሰማው ድምፅ እየሰማ ከግድግዳው ጋር ይጣላ ጀመር። ሐምሌ ላይ ለጃንሆይ ልደት መድፍ ሲተኮስ በሩን ገንጥሎ ወጣ። ሊይዙት የሮጡትን ጎረቤታችንን፣ ሸማኔውን ጋሽ ወልዴን ገፍትሮ ጣላቸው። ክንዳቸው ተሰበረ።

ሰፈሩ ደጃችን ላይ ተሰበሰበ። ወንድምሽ፣ አጎቴ በቀለ፣ ሰንሰለት ይዘው መጡ። «ከምሰሶው ጋር ይታሰር! አለዚያ ነገ ሰው ይገድላል» አሉ። ደምሴ አልጋ ሥር ገብቶ ይንቀጠቀጣል። በሩን ዘግቼ ቆምኩ። «እኔ ሳልሞት አይታሰርም። ሐኪም ጋ እወስደዋለሁ» አልኳቸው።

በማግስቱ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ወሰድኩት። የግቢውን ብረት በር ጨብጦ አልገባም አለ። አስታማሚው ድሬሰር አልጎተተውም፤ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀምጦ እጁ እስኪላላ ጠብቆ ይዞት ገባ።

ልጠይቀው ስመለስ ግን ምራቁ ይዝረበረባል፤ አላወቀኝም። «ወንድሜን መልሱልኝ!» ብዬ ጮህኩ። ሐኪሙ መድኃኒቱ እንደበዛበት አልሸሸገኝም። «እንቀንስለታለን፤ ጥቂት ታገሺን» አለኝ። ቤት ብወስደው ሰንሰለቱ ይጠብቀዋል። ምን ላድርግ? ትቼው ወጣሁ፤ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ።

ከመስቀል በኋላ ስሄድ በግቢው አትክልት ቦታ ጎመን ሲያጠጣ አገኘሁት። «አስኩ!» አለኝ። ላቅፈው ስሮጥ «ቆዪ፣ ይቺን ላጠጣ» ብሎ አስቆመኝ። እማዬ፣ ደምሴ ሥራ ይዟል! ድምፆቹ ጨርሰው አልተዉትም፤ አንዳንድ ቀን ጥግ ይዞ ይውላል። ግን ይበላል፣ ይተኛል።

ለመንፈቅሽ ተዝካር አንድ ቀን ወጥቶ እንዲውል ፈቅደውልኛል። አጎቴ «እሱን ካመጣሽ እኔን አትጠብቂኝ» ብለዋል። እኔም ፈርቻለሁ፤ ሰው ሲበዛበት ምን እንደሚሆን አላውቅም። ትናንት ግን ጋሽ ወልዴ ክንዳቸው ገና በደንብ ሳይዘረጋ መጥተው «አጠገቡ የምቀመጠው እኔ ነኝ» አሉኝ። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

እንግዲህ ማንም ይምጣ ማንም ይቅር፣ እኔና ደምሴ አለን። የክርስትና ስምሽን ለቄሱ እኔ እነግራለሁ፤ እሱ «እማዬ» ይልሻል። በሕይወት እስካለን ሁለቱም ስሞችሽ ከአፋችን አይጠፉም።

ልጅሽ አስካለ